በሐመሩ ሐ

ባለፈው እሑድ ለታይን ሲሸልሟት ሄጄ ነበር። እዚህ መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ ባለ ሆቴል ነው፤ የድሮ የዶርም ጓደኛ ተብዬ ተጠራሁ። ለታይ ስሟ የተጠራ ሐኪም ናት። ማይኩን ይዛ ስለ ተማሪነታችን ስትናገር፣ «እኛ እኮ ፉክክር የሚባል አናውቅም ነበር፤ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ እያነሳቻት ነው የወጣነው» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ለስላሳዬን ቀዳሁ።

እሷ በአዳራሽ ከተናገረች እኔም በጽሑፍ ብናገር ነውር የለውም።

ከደሴ ስመጣ የማውቀው ትግርኛ «ከመይ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነበር። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ። አላማጣን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ፣ አጠገቤ የነበሩ እናት ፊቴን አይተው ቆሎ ዘገኑልኝ። አለቀስኩ። የሄድኩት ግን ወድጄና ጓጉቼ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲው የሚወደድም የሚጠላም ቦታ ነበር። ከላይብረሪው መጻሕፍት ውስጥ ለፈተና የሚጠቅመው ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ይጠፋል። የቆረጠው አይታወቅም፤ ሁላችንም እንጠረጣጠራለን። «ምንም አላጠናሁም» የማትል ልጅ አልነበረችም። ውጤት ሲለጠፍ ደግሞ ሰው የራሱን ከማየቱ በፊት የጓደኛውን ይፈልግ ነበር። የካፌው ሽሮ ቀጭን ነው፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ እንጀራችን ላይ ይበትነዋል።

ደስ የሚልም ነገር ነበረው፤ አልክድም። ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ፀጉር እንሠራራለን። የለታይ ጣት ቀላል ነው፤ አያምም። እናቷ ከአዲግራት የሚልኩላትን በሶ በስኳር በጥብጣ በአንድ ኩባያ ለሁለት እንጠጣ ነበር። ከእኔ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ አማርኛ። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድም ቀን በትግርኛ አናግራኝ አታውቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ሕክምና የሚገቡት ተለዩ። የመጨረሻዋ ቦታ ላይ እኔና ለታይ በነጥብ እኩል ሆንን። በቃል ፈተና ተለዩ ተባልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሶው ቀረ። አልተጣላንም፤ ግን እሷ ስትገባ እኔ ደብተሬን እዘጋለሁ፣ እኔ ስገባ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በፈተናው ቀን መጀመሪያ እሷ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ጸሐፊዋ መጣችና፣ «መምህራኑ ለምሳ ሊወጡ ይችላሉ፤ ያንቺ ወደ ከሰዓት ሊዞር ይችላል፤ ለማንኛውም ጠብቂ» ብላኝ አለፈች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ለታይ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ወጣች። እጇን አወናጨፈችና «ሕጂ!» ብላኝ እየሮጠች ወደ ውጭ ወጣች።

ትግርኛ ለማያውቅ ልንገር፤ «ሕጂ» ማለት «አሁን» ማለት ነው። በሐመሩ ሐ ነው፣ ድምፁ ከጉሮሮ ይወጣል። የእኛ አገር ጆሮ ግን ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ አይለይም። እኔ የሰማሁት «ሂጂ» የሚል ነው። እንደ ውሻ «ሂጂ» መባሌ ከነከነኝ፤ ቢሆንም ወደ ከሰዓት ዞረ ማለት ነው ብዬ ሄድኩ።

የበለስ ወቅት ነበር። ከግቢው በር ፊት ለፊት ሴቶች በባልዲ ይዘው ይሸጣሉ። አንዷ እሾሁን ሳትፈራ እየላጠች አቀበለችኝ። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። ስሜ ሲጠራ እኔ ጥላ ሥር ቆሜ በለስ እበላ ነበር።

ከሰዓት ስመለስ ፈታኙን በሩን ሲቆልፉ አገኘኋቸው።

«ወይዘሪት፣ የት ነበርሽ? ደጋግመን አስጠራንሽ እኮ።»

«ሂጂ ተብዬ ነው፣ መምህር።»

«ማነው ያለሽ?»

«ለታይ።»

«ለታይ እኮ ትጥራሽ ብለን ነው የላክናት» አሉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «በሽተኛ እንዲህ አይጠብቅሽም።»

ዶርም ስገባ ለታይ አልጋዋ ላይ ነበረች።

«ለምን ሂጂ አልሽኝ?»

«ሂጂ? ሕጂ ነው ያልኩሽ! አሁን፣ ግቢ!»

«አማርኛ ጠፋብሽ?»

«ደንግጬ ነበር፣ እህቴ። ሰው ሲደነግጥ ቋንቋ ይመርጣል እንዴ?»

«ትመርጫለሽ። አንቺ ትመርጫለሽ።»

ከላይኛው አልጋ ብርኽቲ የምትባል ቀልደኛ ልጅ አንገቷን አሰገገች። «ኧረ ዘሃራ፣ ጆሮሽን ነው መክሰስ ያለብሽ!» ዶርሙ በሳቅ ፈነዳ። ለታይ አልሳቀችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ግን ወደ መምህሩም ሄዳ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላለችም። ሁለት እርምጃ ነበር፤ አልሄደችም። ቦታዋን እሷ ወሰደች።

እኔ ባዮሎጂ ደረሰኝ። አስተማሪ ሆንኩ፤ እዚሁ መቀሌ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። ከተማው ያየውን ክፉ ቀን ሁሉ አብሬ አየሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዓይደር ሆስፒታል ነጭ ገዋን ለብሰው ሳገኛቸው «ቲቸር» ብለው ይስሙኛል። ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቤቴ እገባለሁ፤ የዚያን ቀን ከማንም ጋር አላወራም።

እሑድ ዕለት ሽልማቱ ሲያበቃ ለታይ ሴት ልጇን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ልጅቷ አንደኛ ዓመት ናት፤ እዚያው እኛ የተማርንበት። ለታይ አቀፈችኝ። «ያቺ የነገርኩሽ ዘሃራ ይቺ ናት፤ የቃል ፈተናውን ፈርታ የጠፋችው» አለቻትና ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረውም። እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ለፎቶ ሲጠሯት ሄደች፤ ልጅቷ ቀረች።

«ሓትኖ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «እውነት ዝም ብለው ሄዱ?»

ወንበር ሳብኩላት።

«እኔም ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬን ይዤ መጥፋት ያምረኛል። ጓደኞቼን እወዳቸዋለሁ፤ ሲወድቁ ደግሞ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ራሴን እጠላለሁ። እማዬ የእርስዎን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እቀናለሁ። እንዴት ደፈሩ?»

ፊቷን አየሁት። የእናቷ ፊት ነው፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አሳዘነችኝ። ቢሆንም አዝኜላት የእናቷን ወሬ እውነት ነው ብዬላት መሄድ አልቻልኩም።

«አልጠፋሁም፣ የኔ ልጅ። በጣም እፈልገው ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«እናትሽን ጠይቂያት» አልኳትና ቦርሳዬን አነሳሁ።

ትጠይቃት አትጠይቃት አላውቅም። እስካሁን የደወለልኝ የለም። ለታይ የምሯን ደንግጣ ይሆናል የሚል ይኖራል፤ ይበል፣ እኔም አንዳንድ ቀን እላለሁ። ቦታዋን ወሰደች፤ ሠራችበት፣ ሰው አዳነችበት፤ እሱን አልነጥቃትም። ሐኪም ለመሆን መፈለጌን ግን ከእኔ ወስዳ ፍርሃት ብላ ለልጇ ማውረሷን አልተውላትም።