ሁለተኛው ርጭት

የሰፈሩ ሰው «ዓይነ ሚዛን» ይለዋል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ባለቤቱ እንኳ ስሙን የምታነሳው ስትቆጣ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። የዛፍ መድኃኒት ሲበጠብጥ መለኪያ አይዝም። በጠርሙሱ ክዳን ይቀዳል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ «በቃ» ይላል። አይስትም ነበር። በወንዙ ግራና ቀኝ ካሉት የፖም እርሻዎች የእሱ እጅ ያልደረሰበት አልነበረም። በግቢው ገመድ ላይ የሥራ ቱታው ሁልጊዜ ለብቻው ነው የሚሰጣው፤ ባለቤቱ ከሌላ ልብስ ጋር አታስጠጋውም።

ዋናው ሥራው የሚመጣው የፖሙ አበባ እንደረገፈ ነው። የፖም ዛፍ አቅሙን አያውቅም፤ ከአንድ ቦታ አምስት ስድስት ፍሬ ይቋጥራል። ሁሉንም ላሳድግ ካለ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፣ ዛፉም ይደክምና በከርሞው አያብብም። ስለዚህ ፍሬዎቹ የባቄላ ያህል ሳሉ አንዱ ቀርቶ ሌሎቹ መርገፍ አለባቸው። ድሮ መሰላል ላይ ወጥተው በጣት ይቀነጥሱ ነበር። አሁን የሚረጨው ሆርሞን ነው። መርዝ አይደለም፤ ዛፉ በራሱ ሰውነት ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል፣ «ይህን ሁሉ ልጅ አትችልም፣ ገሚሱን ልቀቅ» ብሎ የሚነግረው ነገር ነው። ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የተረጨውና ያልተረጨው ዛፍ በማግስቱ አንድ ናቸው። ምላሹ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል።

ይህን ያስተማሩት አንድ አዛውንት አትክልተኛ ነበሩ፤ ጋሼ ይላቸው ነበር። መግረዙንም፣ ማዳቀሉንም፣ መርጨቱንም ከእሳቸው ነው የቀሰመው። «ረጭተህ ውጣ» ይሉት ነበር፤ «ዛፍ እንደ ሰው ሲጠሩት አቤት አይልም።» ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። ከቤታቸው ጀርባ ስልሳ የፖም ዛፍ ለባለቤታቸው ትተዋል። ዓይነ ሚዛን እሳቸውን እትዬ ይላቸዋል፤ በየዓመቱም የእሳቸውን ግቢ ሳይረጭ የማንንም አይጀምርም።

በዚያ ዓመት የረጨው ሰኞ ጠዋት ነበር። የእትዬ ዋርሳ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ሾፌሩ ምላሱ ስለት ነው፤ ከእሱ ጋር የሚቀልድ ሁሉ ነገሩን አስቀድሞ አሳምሮ ነው የሚመጣው። ዓይነ ሚዛንም መርጫውን ከጀርባው እያወረደ፣ በሳምንቱ መጥረጊያ ይዘህ ና፣ መሬቱ በለጋ ፍሬ ይሸፈናል ብሎ ፎከረ።

በማግስቱ ብርድ ገባ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ጭጋግ ወንዙ ላይ ተኝቶ ዋለ። ሰኞ መጣ፤ ፍሬው ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ይህን ዕድል አላሳለፈም። በፖም አምራቾች ማኅበር ማሸጊያ ቤት፣ ሰው ሳጥን እየጠገነ በተሰበሰበበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀው።

«ዓይነ ሚዛን፣ መድኃኒቱን ረስተህ ውሃውን ብቻ ነው እንዴ የረጨኸው? ወይስ ሚዛኑ መነጽር አማረው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ብርዱ ምላሹን እንደሚያዘገይ ከእነዚያ ሰዎች ሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ ለስንቱ «ታገሥ» ብሎ መክሯል። አምስት ቀን ቢጠብቅ ይበቃው ነበር። ግን ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ዓይኑ በእርግጥም ደከም ብሏል፤ በክዳኑ ሲቀዳ ጠርዙ ብዥ እንደሚልበት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሾፌሩ ሳያውቅ የወጋው ቁስሉ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከተማ የምትኖረው የእትዬ ልጅ ወለደች። እትዬ ሊጠይቁ ሲነሱ የአትክልቱ ውሃ ነገር አሳስቧቸው አማከሩት። ዛፎቹ በአራት ቀን ምንም አይሆኑም፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ በሰላም ይሂዱ አላቸው። እውነቱን ነበር። በሄዱ በማግስቱ ማለዳ መርጫውን አዝሎ በጓሮ በር ገባ። ስልሳውንም ዛፍ እንደገና ረጨ፤ ያውም ከበፊቱ በአንድ ክዳን አስበልጦ። ቤቱ ሲመለስ ባለቤቱ ቱታው ለምን እንደራሰ ጠየቀችው። መርጫውን ሳጥብ ነው አላት። እሷም ቱታውን ወስዳ ለብቻው አሰጣችው፤ ሌላ አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ፤ ሙቀቱም እንደ በጋ ሆነ። ተኝቶ የቆየው የመጀመሪያው ርጭትና አዲሱ አብረው ነቁ። እትዬ ሲመለሱ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። አስጠሩት። ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ቅጠሉን ገልጦ አየ። አንዱ ላይ ሦስት ፍሬ አገኘ፣ አንዱ ላይ አንድ፣ ብዙዎቹ ላይ ምንም። ከእግሩ ሥር ለጋው ፍሬ እየተጨፈለቀ ይንቋቋል፤ የሚረግጥበት ቦታ አጣ።

እትዬ ከኋላው ሆነው አንድ ቅርንጫፍ ይዘው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ውሃ ነፍጌያቸው ነው። አንተ ያኔ ምንም አይሆኑም ያልከኝ እንዳልቀር አዝነህልኝ ነው።»

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ በኋላ ለራሱ ሺህ ጊዜ እንዲህ ብሏል። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይሆናል፣ እትዬ» አለ።

ያች ቃል ከዚያ ወዲያ እንደ ጥላው ትከተለው ጀመር። እትዬ ጥፋታቸውን የሚደብቁ ሰው አይደሉም። በማሸጊያ ቤቱ የለቀማ ጠረጴዛ ዙሪያ ሴቶቹ ሲያጽናኗቸው፣ የልጅ ልጅ ናፍቆት አሳብዶኝ የባሌን ዛፎች በጥም ገደልኩ ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ሾፌሩ ደግሞ ወንድሜ አርባ ዓመት የደከመበትን በአራት ቀን ብሎ ገላመጣቸው፤ አንዳንዱም በሽሙጡ ሳቀ። ዓይነ ሚዛን በሩ አጠገብ ሳጥን እየደረደረ ነበር። ድርድሩን አፍርሶ እንደገና ደረደረው። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር፤ እሳቸው ግን፣ ድካምህን ሜዳ ላይ አስቀረሁት እያሉ በባለቤቱ በኩል ይቅርታ ይልኩበታል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ቢሆን ይቀለው ነበር። አልነበረም፤ ስለዚህ ከሳ።

የሌሎቹ እርሻ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ እትዬ ቤቱ ድረስ መጡ። ዛፎቹም እኔም አርጅተናል፣ በአራት ቀን ጥም እንዲህ የሚሆን ዛፍ ከእንግዲህ አያፈራም፣ ስለዚህ የሞተር መጋዝህን ይዘህ ናና ቁረጥልኝ አሉት። ለማንም ሌላ ሰው መስጠት አልፈለጉም። የጋሼ እጅ ያለበት አንተ ነህ አሉት።

ሄደ። እንዴት ሊሄድ እንደቻለ ባለቤቱ እስከ ዛሬ አይገባትም። መጋዙን አስነሳ፤ ከጓሮው በር አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ዛፍ ከሥሩ ቆረጠው። ዛፉ በጎኑ ሲወድቅ እትዬ ጠጋ ብለው ጉቶውን ዳሰሱት። ነጭ ነበር፤ ዙሪያውን እርጥብ፣ መሐሉ እንኳ አንዲት ጥቁር ነጥብ የሌለበት። እጃቸውን እዚያው እንዳኖሩ ወደ እሱ ቀና አሉ።

«ምነው ይሄ ጤነኛ ነው?»

መጋዙን አጠፋው።

«እትዬ፣ ዛፎቹ ምንም አልሆኑም። ውሃም አልጎደለባቸውም። ሁለት ጊዜ ረጨኋቸው። እርስዎ ልጅዎ ጋ የሄዱ ጊዜ ተመልሼ ረጨሁ።»

«ለምን?»

ስንት ወር ሲያዘጋጀው የከረመ መልስ ነበረው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ መድኃኒቱ። አንዱም አልመጣለትም።

«ሰው ስለሳቀብኝ።»

እንዲህ ትንሽ መሆኑን ጮክ ብሎ እስኪለው ድረስ አላወቀም ነበር። እትዬ የወደቀውን ዛፍ አዩ፣ የቆሙትን አዩ።

«በእኔስ ሲሳቅ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

አልረገሙትም፤ ቢረግሙት በወደደ። ነጠላቸውን ከጉቶው ላይ አንስተው ሰጋቱራውን አራገፉ። መጋዝህን ይዘህ ሂድ አሉት። በሩ ጋ ሲደርስ ጠሩት።

«እኔ ጥፋቴ ነው ያልኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። አንተም ነገ እዚያው ና።»

በማግስቱ ጠዋት ማሸጊያ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሴቶቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ፖም በመጠን ይለያሉ፣ ሾፌሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ እትዬ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። ዓይነ ሚዛን መሐል ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና ተናገረ። ለመናገር የፈጀበት ጊዜ አንድ ሳጥን ፖም አያስሞላም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሳቅ ጠብቆ ነበር፤ የሳቀ የለም። ሾፌሩም እንኳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ድልድዩ ሥር እርሻ ያላት፣ በእጇ የያዘችውን ፖም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የእኔስ?» አለችው። «የዛሬ ሦስት ዓመት የረገፈብኝ? ውርጭ ነው ብለኸኝ ነበር።»

አሰበ። በዚያ ዓመት ውርጭ ነበር። ግን እሷ ጋ የረጨው ከሰዓት፣ በሙቀት እንደነበርም ትዝ አለው።

«ውርጭ ነበር» አለ። «እኔም በሙቀት ረጭቻለሁ። የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

ከዚያ ሌላው ጠየቀ፣ ከዚያም ሌላው። እያንዳንዱ ሰው ለካ አንድ የከፋ ዓመት በሆዱ ይዞ ኖሯል። ለዝናቡ፣ ለንቡ፣ ለራሱ ስንፍና የሰጠው ዓመት አሁን ሁሉም ወደ እሱ ተመለሰ። ባዶ ሳጥን ደፍቶ ተቀመጠና እንደ ተራቸው መለሰ። አንዳንዱ ላይ በእርግጥ የእሱ እጅ አልነበረበትም፤ ያንን ሲናገር ግን የሚያምነው ፊት አላየም። አንዱን፣ አዎ፣ የእኔ ጥፋት ነው አለ። ብዙውን አያውቀውም። በዓይኑ ብቻ የለካ ሰው ምን ማስረጃ አለው?

«አላውቅም» አለ እንደገና፣ ከጎኑ ለቆመችው ሴት።

ሴትየዋ ዞር ስትል፣ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ቀረበ።