ድንኳን አይደለም፣ የቲማቲም ቤት ነው

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባዬ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለችው ጠባብ ግቢያችን ጓሮ የላስቲክ ቤት ነበረችው። ቀርከሃ አጥፎ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ ቲማቲምና ቃሪያ የሚያበቅልባት። ጎንበስ ብሎ ይገባና ግማሽ ቀኑን እዚያው ይውላል። ያለፈው ክረምት የወረደው በረዶ ላስቲኳን ወንፊት አደረጋት፤ ቀርከሃውም በስብሶ ኖሮ ቲማቲሙ ላይ ተኛ። አባዬ ወጥቶ አያትና ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልጋ ያዘ። ሐኪሙ "ካልተነሡ እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ይውጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ" ቢልም ማን ሰምቶ! ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። "ወጥቼ ምን ልይ?" ይለኛል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰፈሩ ሰው አንድም የጠየቀው የለም። አንድም! "ጋሼ፣ ለወጥ የምትሆን ቲማቲም አትጠፋም?" እያለ በር ሲያንኳኳ የኖረው ሁሉ፣ አባዬ ሲተኛ መንገዱ ጠፋው። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን እንኳ በር ላይ ስታገኘኝ "ጋሼ እንዴት ናቸው? እመጣለሁ እኮ፣ ጊዜ አጥቼ ነው" ትለኛለች። ጊዜ ያጣችው ሴትዮ ደጅ ቆማ ወሬ ስትሰልቅ ትውላለች።

እልህ ያዘኝ። የቲማቲም ቤቷን እንደ አዲስ አሠራታለሁ አልኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርጄ ወፍራም ነጭ ላስቲክ ገዛሁ፤ አንድ በያጅ ለምኜ ብረት አስጎበጥኩ። አባዬ ወገቡን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ብዬ ከፍ አስደረግኩት። ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ታሞ በተኛበት ግቢ ድንገት ነጭ ነገር ከተወጠረ፣ ሰውየው አረፈ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

በያጁ የመጨረሻዋን ጠርዝ አስሮ እንደሄደ የግቢው በር ተበረገደ። ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። "እሪ! ወይኔ ጋሼ! ወይኔ እጀ ለጋሱ! ሳልጠይቅዎ ጥለውኝ ሄዱ!" ከኋላዋ የሰፈሩ ሰው ግር ብሎ ተከተለ። አንዱማ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክሟል።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ማን ሞተ አላችሁ?" አልኩ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ምን ያጽናኛል! አባቴ አልሞተም! ይኼ ድንኳን አይደለም፣ የቲማቲም ቤት ነው!"

ማን ይስማኝ! ኀዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መሰላቸው። "ያዟት፣ ያዟት! ውሃ አምጡላት!" ይባባላሉ። ይኼኔ ፈነዳሁ። "ታሞ ሲተኛ የት ነበራችሁ? አንድ ብርቱካን ይዛችሁ ብቅ አላላችሁም፤ ለለቅሶ ሲሆን አግዳሚ ተሸክማችሁ ትሮጣላችሁ? ሰው በቁሙ አይጠየቅም እንዴ?" ድምፄ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ይሰማ! ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላዬ ሲያፈጡ ዞር አልኩ። አባዬ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ መቃኑን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ማንም ሳይደግፈው፣ በራሱ ተነሥቶ! እግሩ ይንቀጠቀጣል። አግዳሚ የተሸከመው ሰውዬ እንደተሸከመ ቀረ።

"እሪ በከንቱ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው" አለ አባዬ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። ምኑ ያስቃል?

"ላስወጣቸው?" አልኩት።

ዓይኑ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለው አዲሱ ላስቲክ ላይ ነው። ክንዴን ያዘና በዝግታ ወደ ጓሮ ሄድን፤ ወገቡን ሳያጥፍ ቀጥ ብሎ ገባ። ያንኑ የለቅሶ አግዳሚ አስገብተው አስቀመጡት። ገና ምንም ያልተተከለበትን አፈር በጣቱ ጫር ጫር አደረገው፣ ጨበጠው፣ አሸተተው። እንባዬ መጣብኝ፤ ለእነሱ ላለማሳየት ዞርኩ።

ጎረቤታችን እግሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አሁንም ትነፋረቃለች። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ በእግዜር ይቅር ይበሉኝ።"

"አልቅሰሽልኛል እኮ። እዚያ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ" አላት፣ አፈሩን ከእጁ እያራገፈ። "ስሞት ሁለተኛ እንዳትደክሚ።"

አንገቷን ደፋች። ሌሎቹም ደፉ።

"ነገ ግን ነይ" አላት።