በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ የታየው የአምቡሊ ጎርፍ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል፤ ትንሽም አፍራለሁ።

መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ሙቀቱን አልቻለም፣ ጭራሽ አልበራ አለ። በማግስቱ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ ጎርፍ ያዘጋጁትን ሥራ ለወላጆቻቸው በፕሮጀክተር ላሳይ ቃል ገብቻለሁ። ፎቶውን ያነሱት፣ ጽሑፉንም የጻፉት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ በላፕቶፑ ፈንታ ታብሌት ልገዛ ካርቲየ 7 ቢስ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ወዳለ ሱቅ ሄድኩ። ማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ፦ ባትሪ፣ ስክሪን፣ ሜሞሪ። አንዱ በሁሉም አሸነፈ።

ባለሱቁ የድሬዳዋ ሰው ነው። "አቦ ፍጠን፣ ለምሳ ልዘጋ ነው! ዕቃው አንዴ ከሱቅ ከወጣ ደግሞ መመለስ የለም" አለኝ።

አጠገቤ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ቻርጀር ትመርጣለች። የያዝኩትን ታብሌት ትክ ብላ ስታየው፣ አላወቀችም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

"ጨረስክ ወንድሜ? መምህር ነህ አይደል?" አለችኝ። ባለሱቁ በሳቅ ፈነዳ።

"ምን ልትሠራበት ነው?" አለች ሴትዮዋ።

"ከፕሮጀክተር ጋር ላገናኘው።"

"እንግዲያው ይሄ አይሆንህም። የማዳም ልጅ ይሄንኑ ገዝቶ ከቴሌቪዥን ጋር አልገናኝ ብሎን ስንት ቀን ታገልን! ቀዳዳው ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምስል አያወጣም።"

"አንቺ፣ ገበያዬን ልትዘጊ ነው?" አለ ባለሱቁ።

"ከዋሸሁ ገመድ አምጣና ሰካው!"

ሰካው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ባለሱቁ በሰንጠረዤ ሦስተኛ የወጣውን አመጣ፤ የልጆቹን ሥራ ከስልኬ ላክሁበት። ሰካነው።

በራ! ያ ሁሉ ጎርፍ ቴሌቪዥኑን ሞላው። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ባለሱቁ ምሳውን ረስቶ የልጆቹን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

"አቦ፣ ቀጣዩን አሳየን!"

ዞር ስል ሴትዮዋ የለችም።

"ማዳም ትቆጣለች ብላ ሮጠች" አለኝ ባለሱቁ።

በማግስቱ ልጆቹ ሥራቸውን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያዩ ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። የሴትዮዋን ስም አለመጠየቄ ግን ይቆጨኛል። አሁንም በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ገባ ብዬ መጥታ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ከአፌ ያልወጣውን "አመሰግናለሁ" ሳልነግራት መቅረት አልፈልግም።