ዘመሮ ገበያ ላይ የተቸበቸበው «ናኖ»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜያለሁ። አንዲት ቢምቢ ነክታኛለች?»

«ኧረ አልነካችህም!» አለ ገበያው።

ዛሬ ዘመሮ ገበያ፣ እኔ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ከምሸጥበት ፊት ለፊት፣ አንድ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ «የናኖ ቴክኖሎጂ የወባ መከላከያ» ሲቸበችብ ዋለ። ልብስ ላይ የሚረጭ ነው፤ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ውሃ።

ናኖ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ። ተመራማሪዎች የወባ መድኃኒትን በዓይን በማይታይ ቅንጣት ጭነው ጉበት ድረስ ለማድረስ እየለፉ ነው። ይሄ ሰውዬ እነሱ የለፉበትን ስም ነው ጠርሙስ ላይ የለጠፈው።

አላስቻለኝም። «ሰውዬ፣ በዚህ ብርድ እኮ ዘመሮ ላይ ድሮም ቢምቢ የለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰማችሁ? አንድም የለም! ይኸው የአገሩ ሰው መሰከረ!» ሲል ገበያው በጭብጨባ ቀለጠ። በነፃ ማስታወቂያ ሠራሁለት።

ጉዱን ያየሁት ግን ቤት ስገባ ነው። የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ደምሴ ቀትር ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። አጎበሩ ግን ግቢያቸው ውስጥ ጫጩቶች ላይ ተደፍቷል፤ ጭልፊት እንዳይወስዳቸው።

«እትዬ፣ ምነው አጎበሩ እዚህ ቀረ?»

«ናኖውን ገዛሁለት እኮ! አንተ ስትመሰክር ሰምቼ ነው።»

ዛሬ ጫጩቶቹ አጎበር ውስጥ ያድራሉ። ደምሴ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ ቆላ ያድራል። ስልኩ እስካሁን አይሠራም።

እናንተ ጋስ በሳይንስ ስም ምን ተሸጠ? ጻፉልኝ። ቆላ የወረደ ወንድም ያለው ግን መጀመሪያ ይደውልለት።