የእናቴ የጃንጥላ ስለት

ቡሬ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ከመኪና ሹፌር በላይ የሚታወቅ ባለሙያ አልነበረም። ስለዚህ በ1974 ዓ.ም. እኔ ቢሰጥ የምባለው ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ለአውሮፕላን አብራሪነት ስመረጥ፣ እናቴ እናኑ የገባት ልጇ ሰማይ ላይ ሊነዳ መሆኑ ብቻ ነው። እሱም በቃት። የመብረር ፈቃዱን ካገኘሁ ለደብራችን ለሚካኤል ጃንጥላ ልታስገባ ተሳለች።

አዲስ አበባ የክፍሉን ትምህርት በጥሩ ነጥብ አለፍኩ። አየር ላይም አልፈራሁም፤ ጉዴ ሁሉ መሬት ሲቃረብ ነው። መሪውን መቼ መሳብ እንዳለበት እጄ አያውቅም። አስተማሪዬ ስንት ጊዜ ከእጄ ነጥቆ እንዳሳረፈን እግዜር ይቁጠረው። ብቻዬን የመብረር ፈቃድ ለማግኘት የምፈተንበት ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የቡሬ ሰው ለኅዳር ሚካኤል አገር ሊገባ ነው ተባለ። መልእክተኛ በየቀኑ አይገኝምና ቸኩዬ "ፈቃዴን ይዣለሁ" ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ እውነት የምትሆን ውሸት መስላኝ ነበር።

ፈተናውን ወደቅሁ። ተደግሞልኝም ወደቅሁና ተሰናበትኩ። አገር ቤት ግን ደብዳቤዬን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ስብሰባ ላይ አንብቦታል። ማስተባበያ ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩና በዓመቱ ኅዳር ላይ አገሬ ገባሁ። እናቴ ጃንጥላውን ገዝታ፣ ልጄ ሳይኖር አላስገባም ብላ ስትጠብቀኝ ኖራለች።

ያን ዕለት ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። ጃንጥላውን እኔኑ አሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሱኝ፤ ለልጇ የተሳለችው ስለት መድረሱን እናቴ በታቦቱ ፊት በአፏ መሰከረች፤ ሕዝቡ እልል አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማግስቱን ለንስሐ አባታችን ለቄስ ክንፈሚካኤል ተናዘዝኩ።

"አንተስ ዋሸህ፣ ንስሐህን ትገባለህ" አሉኝ። "እናትህ ግን በታቦት ፊት ያልሆነውን ሆነ ብላለች። ሳትነግራት ብትሄድ እሷን በሐሰት እንዳስማልካት ቁጠረው።"

ነገርኳት። ጌሾ እየወቀጠች ነበር፤ ዘነዘናውን አስቀመጠች። አካሌ ተጎድቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። አልተጎዳሁም ስላት ተመስገን ብላ ወቀጣዋን ቀጠለች። የተቆጣችኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በካህናቱ ፊት ተንበረከከች።

"ስለቴ ሳይደርስ ደረሰ ብዬ በታቦቱ ፊት ዋሽቻለሁ። ልጄ የለበትም። አባቶቼ፣ ይፍቱኝ።"

ሰው አጉረመረመ። እኔ በወንዶቹ በኩል ቆሜያለሁ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብወጣ ይበቃ ነበር፤ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ገበያ ስትወጣ "በታቦት የዋሸችው" ይሏታል። የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ለአንድ ሰው እንኳ ሳልናገር ቀበርኳት።