ለመልቀቂያ የተላኩ ሽማግሌዎች

ለሕክምና ትምህርት ማለፌን ያወቅሁት ወልድያ፣ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ያኔ የሐኪም እጥረቱን ለመሙላት በሌላ ሙያ ዲግሪ የያዝነውንም ሕክምና ማስተማር ተጀምሮ ነበር። እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ መርሳ አካባቢ አስተምር ነበር። ለፈተናው የተዘጋጀሁት ብቻዬን፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ አጥንቶቹን አንድ በአንድ እየሣልሁ ነው። ስሜን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከግርጌው ደግሞ፣ በሥራ ላይ ያለ አመልካች ከመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ካላመጣ አይመዘገብም ይላል።

የግዴታ አገልግሎቴን ጨርሻለሁና መልቀቂያው ቀላል መስሎኝ ነበር። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ “ምትክ የለህም” አሉኝ።

“ምትክ መቼ ይመጣል?”

“ሲቀጠር ነዋ።”

“መቼ ይቀጠራል?”

“በጀት ሲፈቀድ።”

ከዚያ በኋላ በሄድሁ ቁጥር ጸሐፊዋ “ስብሰባ ናቸው” ትለኛለች። እሷ ይህን ስትል የኃላፊው ሳል ከውስጥ ይሰማኛል።

አባቴ ከውርጌሳ በላይ ባለው ገጠር ነው የሚያርሰው። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። “ሰው የወለዳትን ልጅ በሽማግሌ ይሰጥ የለም እንዴ? አንድ ወረቀት ነው የሚከለክሉን?” አለ። በማግስቱ የሰፈራችንን ሼህና የራሱን የነፍስ አባት ቄሱን ይዞ መርሳ ወረደ። እሱ እንደ ወጉ የጠያቂ አባት ስለሆነ አልገባም፤ በር ላይ ቀረ። እኔ በመስኮቱ ሥር ቆምሁ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ልክ እንደ ጋብቻ ጥየቃ ጎን ለጎን ቆሙ።

“ኧረ አባቶቼ፣ ተቀመጡ!” አሉ ኃላፊው።

“አንቀመጥም” አሉ ሼሁ። “ልጅ ልንጠይቅህ መጥተን ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም።”

“እኔ እኮ ሴት ልጅ የለኝም!”

“ወንዱን ነው የምንጠይቅህ። መምህሩን ስጠን።”

ኃላፊው ሲስቁ ሰማሁ። ልቤ ቀለል አለው። ነገር ግን ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ የተላከለትን ሰው ማመስገን አለበት። እነሱም የሚያውቁት የጥየቃ መንገድ ያው አንዱ ነውና ጀመሩ።

“ይህ ልጅ እንደ ሌላው አይደለም” አሉ ሼሁ። “ቅዳሜ እንኳ ልጆቻችንን ሰብስቦ ያስጠናል። የልጄ ልጅ ደንቆሮ መስሎን ትምህርቱን ልናስተወው ነበር። ዘንድሮ አንደኛ ወጣ።”

“ከክፍል ቀርቶ አያውቅም” አሉ ቄሱ። “አመመኝ አይል፣ ለቅሶ አለብኝ አይል። እሱን የሚያህል መምህር በዚህ አገር አልቆመም፤ በቆምሁበት እመሰክራለሁ።”

እኔ በመስኮቱ ሥር ‘በቃ፣ በቃ’ እላለሁ በሆዴ። እነሱ ግን ገና መሟሟቃቸው ነበር። ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

“እንግዲህ እናንተው መሰከራችሁ” አሉ። “እንዲህ ያለውን መምህር ሸኝቼ ልጆቻችሁን ለማን ልስጥ?”

“እሱስ እውነት ነው” አሉ ሼሁ።

“ምትክ ሲመጣ እለቀዋለሁ። ቃሌ ነው።”

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ ሼሁ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ተቀመጡ ማለት ነው። ለስላሳ መጣላቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ፣ ከፓፓያ ሻጮቹ አጠገብ ስንደርስ፣ “ምዝገባው ሰኞ ያልቃል” አልሁ።

“ሰውየው ቃል ሰጠ አይደል?” አለ አባቴ።

“ምትክ ሲመጣ ነው ያሉት። ምትክ ደግሞ የለም።”

ሼሁ ቆሙ። “እንግዲያስ እንመለስበታለን።”

“ከተመለሳችሁ እንዳታመሰግኑኝ” አልሁ። “ሰነፍ ነው፣ ያረፍዳል፣ ቢሄድልን ይሻለናል በሉልኝ።”

“አዑዙ ቢላህ! በውሸት?”

“ለሽምግልና ቆሜማ ሰው አላማም፣ ልጄ” አሉ ቄሱ።

አባቴ እንደሰደብሁት ሁሉ አፍጥጦ አየኝ። “አንተን ሰነፍ ሲሉህ በር ላይ ቆሜ ልስማ? ይቅርብህ ዶክተርነቱ!” አለ።

ኃላፊውን ልጠላቸው እችል ነበር። እነዚህን ግን እንዴት? መንገዱን የዘጉብኝ እየወደዱኝ ነው።

አርብ ተመለሱ። ሙገሳውን እንደሚያሳጥሩ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሼሁ፣ “ልጁ ደህና ነው፤ ያን ያህል እንኳ…” ብለው ጀመሩ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ “አይ፣ አላህ ይታዘበኛል። ወርቅ ነው!” ቄሱም ተቀበሏቸው። ብቻዬን አጥንቼ የሐኪሞቹን ፈተና ማለፌን ሳይቀር ጨመሩበት። ኃላፊው አሁን እንደ ቁም ነገር፣ “እንዲህ ያለ ሰው እኮ ነው ለወረዳችን የሚያስፈልገው” አሉ።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ዳር ስደርስ የሚኒባስ ረዳቱ “ወልድያ! የሞላ!” እያለ ይጣራል። አንዴ ወደ እሱ ተራመድሁ። መልቀቂያ ሳልይዝ ብሄድ መዝጋቢው እንደሚመልሰኝ አውቃለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ሥራዬም አይቆየኝም። ረዳቱ ትከሻዬን ይዞ፣ “መምህር፣ ግባ እንጂ! አንድ ሰው ነው የቀረን” አለኝ። ሌላ ሰው ሮጦ ገባ። መኪናው ሄደ፤ እኔም ክፍል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሼሁን በገበያ ቀን አገኛቸዋለሁ።

“ምትኩ መጣ?” ይሉኛል።

“ገና ነው።”

“አብሽር። ሦስተኛ እንሄድልሃለን።”

“ያቆይልኝ” ብዬ ጎንበስ እላለሁ።