ደምለው ከብስክሌቱ ያልወረደበት ቀን

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ሰው ባለቀሰበት ግቢ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ስለገባበት፣ ሣቁን ብተወው ውሸት፣ ብጽፈው ደግሞ ድፍረት መስሎ ታየኝ። ባለታሪኩ ራሱም «የላም ነገር ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብሎኝ ነበር። ቢሆንም ጻፍሁት።

ደምለው የአምበር ከተማ የከብት አዳቃይ ነው። ኮርማ ወደሌለባቸው ቀበሌዎች እየዞረ፣ በናይትሮጂን ቀዝቅዞ የተቀመጠ የኮርማ ዘር ለላሞች ይሰጣል። ገበሬው ፊት ለፊት «ዶክተር» ይለዋል፤ ዘወር ሲል ደግሞ «ባለብስክሌቱ ኮርማ»። እርሱም ይሰማል፤ መሣቅ ከተወ ግን ቆይቷል።

ቀድሞ በሞተር ነበር የሚዞረው። ቤንዚን እንደ ጠበል በወረፋ የሚገኝ ከሆነ ወዲህ ሞተሩ በመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ስለዚህ ደምለው ፍሬኑ የላላ አሮጌ ብስክሌት ገዛና የናይትሮጂን ዕቃውን ከኋላ በገመድ አሰረበት። ከአምበር ወደ ሾላ ዳር የሚወስደው የጠጠር መንገድ፣ ድልድዩን የክረምት ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መኪና አላየም። በጎማ ፈለጎቹ መካከል ሰርዶ በቅሎበታል፤ ነዶ የተጫነች አህያ መሀሉን ይዛ ትሄዳለች፤ በግራና በቀኝ የጤፍ ማሳ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ የጮቄ ተራራ ነው። ላየው ሰው፣ ብስክሌት ለመንዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ለደምለው ጉልበት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ዳገቱ ላይ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተንከባለለ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልይዝ ሲል በጫማው ሶል መሬቱን እየፋቀ ይወርዳል፤ ወንዙ ጋ ሲደርስም ብስክሌቱን በትከሻው፣ ዕቃውን በእቅፉ አድርጎ በሁለት ምልልስ ይሻገራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከመንገዱ ይልቅ የሚያደክመው ሰላምታው ነበር። በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ እጅ መንሣት በዚያ አገር የቆየ ወግ ነው፤ በቅሎው እየቀረ ብስክሌቱ ሲመጣ ወጉ ለብስክሌቱ ተላለፈ። ስለዚህ ደምለው ለእያንዳንዱ አዛውንት ይወርዳል፣ ይጎነበሳል፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን፣ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃል፣ ይጠየቃል፣ ይመረቃል፤ ከዚያ ያንን የታመመ ጉልበቱን አንሥቶ እንደገና ይወጣል። ጥቂት ሳይሄድ ሌላ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ብድግ ይላል።

ወይዘሮ የብርጓል የሾላ ዳር ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንሙት የሚባል አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ በሾላ ዳር ስልክ አይሠራም። የቀረቻቸው አንዲት ላም ናት። ባለፈው ጊዜ ላሟ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ደምለው ከሰላምታ ወደ ሰላምታ ሲወርድና ሲወጣ መሽቶበት፣ ሲደርስ ፍላጎቷ አልፎ ቀዝቅዛ አገኛት። ወይዘሮ የብርጓልም ያን ጊዜ «አልፈርድብህም፤ ዳግመኛም ሳትፀንስ ከቀረች ግን መካን ይዤ አልከርምም፣ ለሥጋ እሸጣታለሁ» አሉት። ሌላ ክፉ ቃል አልጨመሩም። ደምለው ግን ያ ቃል ሳይለቀው ሰነበተ።

በኅዳር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወደ አምበር ገበያ የወረደች የሾላ ዳር ሴት በመሥሪያ ቤቱ በር ብቅ አለች።

«ዶክተር፣ የየብርጓል ላም ከንጋት ጀምራ ግቢውን እያናወጠችው ነው። ድረስ ብለውሃል።»

ደምለው ዕቃውን አሰረና ወጣ። ከከተማው ሲለይ ለራሱ አንድ ነገር ወሰነ፤ ዛሬ ለማንም አልወርድም።

የመጀመሪያዎቹን ሴቶች በራስ ሰላምታ አለፋቸው። አንገቱን ደፍቶ ዳገቱን ጨረሰ። ከወንዙ ማዶ፣ ከመንገዱ ጥግ ባለው አውድማ ላይ አያ እንዳላማው ከልጆቻቸው ጋር ጤፍ ያበራያሉ። የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ደምለው አንድም ቀን ሳይወርድላቸው አልፎ አያውቅም። እንዳዩት የጭድ መንሻቸውን አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ወጡ። ቁልቁለቱ የሚጀምረው እዚያ ነበር።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ!» አለና እጁን አንሥቶ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረ።

«ምነው? ደኅና?» ሲሉት ሰማ። መልሱን ጠጠሩ ዋጠው።

ብዙም ሳይርቅ ከኋላው ጥሪ ተነሣ። ከአውድማው ወደ ማዶ ጉብታ፣ ከጉብታው ወደ ቀጣዩ ሰፈር ድምፅ ይወራወራል፤ ቃሉ ግን አይለይም። «ሰደቡኝ» አለ በልቡ። «ደምለው ጠገበ ተባለ ማለት ነው።» ዓይኑ በነፋሱ ያነባል፤ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ቢሆንም ፔዳሉን አለቀቀም።

ቀና ሲል ሰዎች ከየአውድማው ሥራ እየተዉ፣ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ በአቋራጭ ወደ ታች ሲጎርፉ አየ። «ለቅሶ አለ» ብሎ አሰበ። «ማን ሞቶ ይሆን?» የሰዉ ጎርፍ እርሱ ወደሚሄድበት ወደ ሾላ ዳር እንደሚያመራ ሲያይ ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠ።

ከወይዘሮ የብርጓል ደጅ ሲደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መሬት ተቀምጠዋል። ያለቀሰ የለም፤ ሁሉም እርሱን ያያል። ያን ጊዜ ደምለው ገባው፤ የገባው መሰለው። አንሙት! ብስክሌቱን ከአጥሩ ላይ ጣለና ለለቅሶ የሚመጣ ሰው እንደሚያደርገው ሁለት እጁን በራሱ ላይ አድርጎ፣ «ወይ ወንድሜን! ወይ ወንድሜን!» እያለ ገባ።

ግቢው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈነዳ። ወይዘሮ የብርጓል ግን አልጮኹም፤ ግንባራቸውን ከመሬቱ ላይ አሳረፉት።

አያ እንዳላማው በአቋራጭ መጥተው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ የደምለውን ክንድ ያዙ።

«በል ተናገር እንግዲህ። መቼ ሞተ? የት ተቀበረ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አያ? አሁን መድረሴ ነው። እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ።»

«እኛ? መርዶውን ይዘህ የመጣኸው አንተ አይደለህም?»

«የምን መርዶ?»

«ታዲያ እኔን የመሰለ ሰው ባርኔጣውን አንሥቶ ቆሞ ሳለ፣ ሰላም ሳትል የምትበረው የሰው ሞት ይዘህ ካልሆነ ምን ይዘህ ነው?»

ደምለው ዙሪያውን አየ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ለላሚቱ ነው የመጣሁት» አለ።

 ከጓሮ ላሟ ረጅም ጩኸት ለቀቀች።

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ አያ እንዳላማው፣ «ኮርማ እንኳ ሲመጣ አጓርቶ ነው!»

አንዱ ሣቀ፤ ሌላውም ተከተለ፤ እንባዋን ያልጠረገች ሴት ሣቋን በነጠላዋ አፈነች። ደምለው አልሣቀም። ወይዘሮ የብርጓል ቀና ብለው፣ ግንባራቸው ላይ አፈር እንዳለ፣ እርሱን ብቻ እያዩ ጠየቁት።

«እንግዲያ ልጄ አለ ማለት ነው?»

አዎን ቢል ደስ ባለው። ከአምበር የመጣ ሰው ነው፤ ቢናገር ይታመን ነበር።

«አላውቅም፣ እታለም» አለ። «ወሬውን አልሰማሁም። ክፉም ሆነ ደግ አልሰማሁም።»

 ሴትዮዋ መሬቱን ተደግፈው ተነሡና ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

«በል ና፤ ላሚቱ ትጮኻለች።»

ለቀስተኛው ላሟን ይዞ ቆመ። ደምለው እስከ ትከሻው የሚደርሰውን ጓንት አጠለቀ፤ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ሥራውን ጨረሰ። 

ወደ አምበር ሲመለስ በእግሩ ነበር፤ ብስክሌቱን እየገፋ። በአውድማው በኩል አያ እንዳላማው ከጎኑ ሲሄዱ፣ ቀን ያስቀረውን ሰላምታ አንድ በአንድ ከፈላቸው፤ የከብቱን፣ የአዝመራውን፣ የልጆቹን።

ላሟ ዳግመኛ የምትጮህበት ጊዜ ደርሶ አለፈ፤ አልጮኸችም። ወይዘሮ የብርጓልም አልሸጧትም። ከአንሙት እስከ ዛሬ የተሰማ ነገር የለም። ደምለው አሁን ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ይወጣል፤ በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ለሚያገኘው አዛውንት ሁሉ ይወርዳል፣ ጉልበቱን ይዞ እንደገና ይወጣል፤ ወደ አንዲት ላም ለመድረስ ቀኑን ይጨርሳል።

እርሱ ሲያልፍም ከመቀመጫ ብድግ ሊባልለት ይገባል።